ንቦች ያረፉባት ሞተር

ድምፁ ቀድሞ መጣ። ከሞጣ መግቢያ፣ ከባሕር ዛፎቹ ወዲያ፣ መጀመሪያ እንደ ሩቅ ወፍጮ የሚያጉረመርም ነገር ተሰማ፤ ከዚያ ጠፋ፤ መንገዱ ተጠምዝዞ ቁልቁል ሲወርድ ይመስለኛል፤ ቀጥሎ ጎላ ብሎ ወጣ። ሜዳው ላይ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ወደ መንገዱ ዞረ። ከፊታችን የቆሙ የሞጣ ጎረምሶች ክርክር ጀመሩ።

"የእኛው ነው።"

"ምን የእኛ ነው፣ የማርቆሱ ነው እንጂ። የእኛ እንዲህ አያገሳም።"

"አንተ መጀመሪያ ጆሮህን ታጠብ።"

እኔ ሞተሯ የማን እንደሆነች ዐውቄያለሁ። ከአጠገቤ የቆሙት ጋሽ ገብረ ኪዳንም ዐውቀዋል። የቢቸና ሞተረኞች ቡድን መካኒክ ናቸው፤ ያችን ሞተር ከተጣለችበት የብረት ክምር አንስተው በገዛ እጃቸው ያስነሷት እሳቸው ናቸው። እናት የልጇን ሳል ከሌላው ልጅ ሳል እንደምትለይ፣ እሳቸውም የዚያችን ሞተር ድምፅ ይለያሉ። ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቁት የኖሩት ይህንን ነበር፤ የእኛዋ ከሁሉ ቀድማ ስትመጣ መስማት።

ፊታቸውን አየሁት። በርቶ ነበር። ከዚያ ድምፁ እየቀረበ ሲመጣ ጭንቅላታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አደረጉ፤ ጋራዥ ውስጥ አንድ ነገር ሲጠረጥሩ እንደሚያደርጉት። የፊታቸው ብርሃን ቀስ እያለ ጠፋ።

"ዘይት በዝቶባታል" አሉ፣ ለራሳቸው ያህል።

ዞር ብለውም እኔን አዩኝ። ረጅም አስተያየት አልነበረም። ግን ያ አስተያየት ምን እንደሆነ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ።

ይህ የሆነው በ፲፱፻፸፫ ዓ.ም. ጥቅምት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። እኔ ያኔ ቢቸና ተቀምጬ ነበር። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ የማትሪክ ነጥቤ የትም የሚያስገባ አልሆነም። ጓደኛ የሚባል ብዙ አልነበረኝም። ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ተቀምጬ ደመናው ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ማየት እወድ ነበር። የከተማው ስፖርት ኮሚቴ የሞተር ውድድር ቡድን ሲያቋቁም ጽሕፈቱ ያምራል ተባለና የቡድኑ ጸሐፊ አደረጉኝ። ቡድን ይባል እንጂ ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ጋሽ ገብረ ኪዳን፣ ነጂው ውበቴ፣ እና እኔ ፋንታ።

ጋሽ ገብረ ኪዳን የመርጡለ ማርያም ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ዲያቆን ነበሩ። ከዚያ አንድ ቀን መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ካምፕ ገብተው ሞተር ሲፈታ አዩና በዚያው ቀሩ፤ ይህን ራሳቸው አንዴ ብቻ ነግረውኛል። ሚስት ነበረቻቸው፣ ሞታለች። ልጅ የላቸውም። የሚኖሩት ኮሚቴው ለቡድኑ በሰጠው ጋራዥ ውስጥ ነው። አልጋቸው ከአሮጌ ጎማዎች ክምር ጀርባ ነበር፤ ከራስጌው አንዲት የእመቤታችን ሥዕል፣ ከግርጌው የቁልፎች ሳጥን። ጠዋት ስሄድ ብዙ ጊዜ ዳዊታቸውን ሲደግሙ አገኛቸዋለሁ፤ ሳይጨርሱ ሰላም አይሉኝም።

በዚያን ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ነው። የውድድሩም ሕግ የወጣው ከዚሁ ነው። ለእያንዳንዱ ሞተር ከመነሻው ላይ ሦስት ሊትር ይሰፈርለታል፤ ሌላ የለም። ዳኛው የሰልባትዮውን፣ የቤንዚን መያዣውን፣ ክዳን ገጥሞ፣ የፖስታ ቤት ቀይ ማሸጊያ አቅልጦ ያንጠባጥብበትና ሳይደርቅ የዐሥር ሳንቲም አንበሳ ይጫንበታል። መድረሻው ላይ አንበሳው ካልተነካ ተወዳዳሪው አለፈ፤ ከተነካ ወደቀ። ስለዚህ መፍጠን ብቻውን ዋጋ የለውም። የፈጠነ መንገድ ላይ ይደርቃል። ሦስቱን ሊትር እስከ መጨረሻው ማብቃቃት የመካኒኩ ሥራ ነበር፤ ጋሽ ገብረ ኪዳንም ቤንዚኑን የሚመጥነውን ካርብራተር ፈትተው ሲገጥሙ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር።

ሞተሮቹ ዘይትና ቤንዚን አንድ ላይ ተቀላቅሎላቸው የሚጠጡ ዓይነት ናቸው። ለአንድ ሊትር ቤንዚን አንድ ሲኒ ዘይት፤ ያውም እስከ ሲኒዋ አፍ አይደለም፣ እስከ ሰማያዊ መስመሯ ድረስ። እኔን ሲያስተምሩኝ እንዲህ አሉ፦

"ይሄ እንደ ቅዳሴ ነው ፋንታ። ከራስህ አንድ ቃል አትጨምርም፣ አንድ ቃል አትቀንስም።"

እኔ ግን ሁልጊዜ እጨምር ነበር። ዘይት ሲያንሳት ትቃጠላለች ብለው ስለነገሩኝ፣ ሲኒዋን ስይዝ እጄ ይፈራል፣ መስመሯን ያልፋል። እሳቸው ሞተሯን አስነስተው አፍታ ሰምተው ያጠፏታል።

"አንተ ሞተር ታሳዝንሃለች" ይሉኛል። "እንዳትጎዳ ብለህ ዘይት ታበዛለህ። ስማት፣ ጉንፋን የያዛት አትመስልም? ዓይኔን ጨፍኜ ማን እንዳቀላቀለው እነግርሃለሁ።"

ውበቴ ይስቃል። "እስኪ እኔ ሳቀላቅል ምን ትመስላለች ጋሼ?"

"አንተ ስታቀላቅል ሰክራ የምትዘፍን ሴት ትመስላለች።"

እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመቱን በሳቅ ጀመርነው። ሁለት ሞተር ነበረን። አራት ውድድር ይደረጋል ተብሏል።

የመጀመሪያው ሉማሜ ላይ በጥር ተደረገ። ውበቴ ሁለተኛ ሆኖ እየመጣ ሳለ የሞተሯ ካቴና፣ የኋላ ጎማዋን የሚያዞረው ሰንሰለት፣ ተበጠሰ። ገበያ ቀን ስለነበር በሽንኩርትና በበግ መሀል እየገፋት ገባ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ፣ "ልጄ፣ ማን ማንን ነው የሚጭነው?" አለችው። እስከ ቢቸና ድረስ ይህንን እየደገምን ሳቅን። በመጋቢት ሮብ ገበያ ከተማ ሄድን። ጭጋጉ ከጮቄ ተራራ ወርዶ መንገዱን ውጦት ነበር፤ የቆየነው ሁለት ሰዓት ነው፣ ያየነው ነገር የለም። ለዚያ ቀን በለመነው ነጂ የምትነዳው ሁለተኛዋ ሞተር ዳገት ላይ ፒስተኗ ነክሶ ቀረች፣ የመጀመሪያዋም ከሁሉ ኋላ ደረሰች። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሁለተኛዋ ሞተር ለመጀመሪያዋ መለዋወጫ ሆነች፤ ዛሬ ካንዴላዋ፣ ነገ የፊት ጎማዋ እየተነሣ፣ ግንቦት ሲገባ ባዶ አጥንቷ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። ጋሽ ገብረ ኪዳን በጆንያ ሸፈኑት።

ግንቦት ላይ ውድድሩ በእኛው ከተማ ነበር። ያን ቀን ማስታወስ አልወድም። የቢቸና ሰው በሙሉ ወጥቶ፣ ውበቴ ከሁሉ ቀድሞ ብቅ አለ። ጋሽ ገብረ ኪዳን ኮፍያቸውን አወለቁ። መድረሻው መቶ ሜትር ያህል ሲቀረው ሞተሯ ሁለት ጊዜ አስነጠሰችና ዝም አለች። ቤንዚኑ አልቋል። የሌሎቹ ከተሞች ሦስት ሞተሮች በአጠገቡ አለፉ። ውበቴ መሪውን ይዞ መሬት መሬት ሲያይ፣ ከሕዝቡ አንዱ "ሣር አምጡላት" አለ፤ ሰዉም ፈነዳ።

በሳምንቱ ከኮሚቴው ደብዳቤ መጣ። ለጋሽ ገብረ ኪዳን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ቡድኑ በቀረው አንድ ውድድር፣ በጥቅምቱ የሞጣ ውድድር፣ ካላሸነፈ ይፈርሳል፤ ሞተሯ ለሌላ ከተማ ትሰጣለች፤ የጋራዡ ክፍል የእህል መጋዘን ይሆናል። እሳቸው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አዳመጡኝ።

"መጋዘን ነው ያለው?"

"አዎ።"

"እስኪ ድገመው።"

ደገምኩላቸው። አልጋቸውን አላዩም፣ ሥዕሏንም አላዩም። ካርብራተሩን አንሥተው በብርሃን አቅጣጫ ያዙና በቀዳዳው ውስጥ ተመለከቱ። "እስከ ጥቅምት ድረስ ብዙ ቀን አለ" አሉ።

ክረምቱን በሙሉ ሠሩ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እሳቸው ውስጥ በትንሽ ሞረድ አንድ ነገር ይሞርዳሉ። እኔ በር ላይ ተቀምጬ አያቸዋለሁ። ጎማዎቹ ተነሥተው፣ አልጋው ተነቅሎ፣ እሳቸው ያን የቁልፍ ሳጥን ይዘው በጭቃው ሲሄዱ በዓይነ ሕሊናዬ ይመጣብኛል። ወዴት እንደሚሄዱ ግን አይታየኝም። ሐሳቤ እዚያ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ነሐሴ ላይ ውበቴ ከጋራዡ ውጭ፣ ከጣሪያው ሥር ጠጋ አለኝ።

"ፋንታ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ሦስት ሊትር ስድስት የሚሆንበት ሒሳብ የለም?"

"የለም።"

"አለ። መንገድ ላይ።"

ነገሩን አስረዳኝ። ከቢቸና ሞጣ ሩቅ ነው። ወደ መርጡለ ማርያም የሚገነጠለው መንገድ አጠገብ፣ ከቀጋ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ አንድ ጄሪካን ቢኖር፣ እስከዚያ ያለስስት ይነዳል፤ እዚያ ይሞላል፤ ከዚያም ያለስስት ይነዳል። "ማሸጊያውን ብቻ አግኝልኝ" አለኝ። "ሳንቲም እኔም ኪስ አለ።"

"ጋሼ ቢሰሙ?"

"ጋሼማ ከሰሙ ሞተሯን ራሳቸው ይፈቷታል። እሳቸው አይሰሙም። ያሸንፋሉ፣ አለቀ። ወይስ እህል ሲጫንባቸው ማየት አምሮሃል?"

ሁለት ቀን አሰብኩ፤ አሰብኩ ከማለት ይልቅ ጉብታዬ ላይ ተቀምጬ ደመናውን አየሁ ብል ይሻላል። በሦስተኛው እሺ አልኩት።

የፖስታ ቤቱ ቀይ ማሸጊያ በዳኛው ቦርሳ ውስጥ ካልሆነ በቀር የትም አይገኝም። ከምን እንደሚሠራም አላውቅም ነበር። በእኛ አገር ሰም ሲባል የንብ ነው። እናቴ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ትፈትላለች፤ ከጠጅ ቤቶች የምታመጣው ሰፈፍ በእንስራ ውስጥ ነበር፣ ገና በደንብ ያልተጣራ። ከእሱ እፍኝ የማይሞላ ወሰድኩ። አክርማ የምታቀልምበትን ቀይ ዱቄት ጨመርኩበትና በጣሳ አቀለጥኩት። ቀለሙ ቁርጥ የዳኛውን መሰለ። የማሩ ሽታ አልከበደኝም፤ ቤታችን ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚሸተው። ለሙከራ አንበሳውን ጫንኩበት፣ ጎፈሩ ሳይቀር ወጣ። እንዲያውም ኮራሁ።

ውበቴ ያመጣውን ቤንዚንም ያቀላቀልኩት እኔ ነኝ። ውድድሩ ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው በጭነት መኪና ሄጄ ጄሪካኑን፣ ከሰሙና ከክብሪት ጋር፣ ቀጋው ውስጥ ከተትኩ። ሲኒዋን ስሰፍር መስመሯን አሳልፌያለሁ። ያን ሁሉ መንገድ በሙሉ ኃይሏ ስትሮጥ እንዳትቃጠል ብዬ ነው።

በማግስቱ ዳኛው፣ ጓድ አካለ ወልድ የሚባሉ ከማርቆስ የመጡ ሰው፣ የአራቱን ከተማ ሞተሮች ቢቸና ላይ አሸጉ። ከዚያ ጋሽ ገብረ ኪዳንንና እኔን በላንድሮቨራቸው ይዘው ወደ ሞጣ ቀደሙ። ሞተሮቹን ከኋላ የሚለቅ ሌላ ሰው ነበር። በዚያ ቀጋ አጠገብ ስናልፍ በሌላኛው መስኮት ማዶ ማዶውን አየሁ።

እንግዲህ ሞጣ ሜዳ ላይ ቆመን የሰማነው ድምፅ ይህ ነው።

ውበቴ በአቧራ ተሸፍኖ ገባ። ከኋላው ማንም የለም። ሞጣዎች ቅር ቢላቸውም አጨበጨቡለት። ሞተሯን በኖራ በተሰመረው ክብ ውስጥ አቆማት፤ ሁሉም እስኪገቡና ማሸጊያው እስኪጣራ ድረስ ማንም አይነካትም። ሰማያዊ ጭስ አፍታ ከላይዋ ቆይቶ በነነ። ጋሽ ገብረ ኪዳን ወደ እሱ አልሄዱም። ጭሱን ብቻ አዩት።

የሞጣ ቡድን መካኒክ እንድሪስ እጁን ዘርግቶ መጣ። ከእሳቸው በዐሥራ አምስት ዓመት ያንሳል፤ በየውድድሩ ሲገናኙ ቁልፍ ይዋዋሳሉ። ቤተሰቡ ከአያቶቹ ጀምሮ ሞጣ ገበያ ማርና ሰም የሚነግዱ ናቸው።

"እንኳን ደስ ያለዎት ጋሽ ገብረ ኪዳን። እኔ ለልጆቼ ነግሬያቸው ነበር፣ ሽማግሌው አንድ ቀን ይበሉናል ብዬ።"

"ገና ነው እንድሪስ። አልተጣራም።"

"ምን ይጣራል፣ የእርስዎን እጅ የማያውቅ አለ?"

እሳቸው ኮፍያቸውን ዝቅ አደረጉ።

ሁለተኛው፣ የሞጣው ነጂ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ደረሰ። ሦስተኛውን ጠበቅን። አራተኛውን ጠበቅን። የጥቅምትን ፀሐይ ታውቃላችሁ፣ ቆላውም ደጋውም ላይ እኩል ትወርዳለች። ሜዳው ዳር ዳሩን ቢጫ አበባ ለብሶ ነበር። አንዲት ንብ መጥታ የሞተሯ ክዳን ላይ አረፈች። ማንም አላያትም፣ ከእኔ በቀር። ሄደች። ሦስት ሆነው መጡ። ከዚያ ዐሥር። መቁጠር ተውኩ።

እንድሪስ ሲያይ አየሁት። ወደ ክቡ ጠጋ ብሎ ጎንበስ አለ፤ አሸተተ። የማር ነጋዴ ልጅ ነው፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ቀና ሲል ዓይኑ የፈለገው ጋሽ ገብረ ኪዳንን ነበር። ከዚያ ኮቱን አወለቀና እንደ ቀላል ነገር ሰልባትዮው ላይ ጣል አደረገው።

"ጓድ፣ ሞተር አይነካም" አሉ ዳኛው ከተቀመጡበት።

"ፀሐይ በዝቶባት ነው ጓድ ዳኛ።"

"አንሣው።"

እንድሪስ ቆመ። ሞጣዎቹ የራሱ ሰዎች ናቸው፤ ይህች ሞተር ብትወድቅ አንደኛ የሚሆነው የእሱ ነጂ ነው። ኮቱን ግን አላነሣም። ዳኛው ራሳቸው መጥተው አነሡት። ከሥሩ ንቦቹ ግር ብለው ወጡ፤ ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ። ቀዩ ሰም በፀሐዩ ለስልሶ፣ አንበሳው ፊቱ ፈሶ ወደ ሰልባትዮው ጎን እየወረደ ነበር። የሁለተኛው ሞተር ማሸጊያ ግን እንደ ድንጋይ ደርቆ እንደታሸገ ነው።

ዳኛው በጣታቸው ነክተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። "አንተ የማር ነጋዴ ልጅ አይደለህም?" አሉት እንድሪስን። "ይህ ምንድን ነው?"

"እኔ ዛሬ መካኒክ ነኝ" አለ እንድሪስ።

ከሕዝቡ መሀል አንዲት ነጠላ የተከናነበች ሴትዮ ናት የተናገረችው። "የጧፍ ሰም ነው እኮ፣ ልጆች። ምን ያስጨንቃችኋል?"

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ እየተቀባበለ እስከ ሜዳው ዳር ሄደ። አንዱ፣ "ቢቸናዎች ለሞተር ያስቀድሳሉ መሰለኝ" አለ። ሌላው "ንብ ነው የሚጋልቡት" አለ። ዳኛው እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙና ውበቴን ጠየቁት።

"ማን ነው ያሸገው?"

ውበቴ ጫማውን አየ። እኔ እናገራለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ። በእርግጥ ከፍቼዋለሁ፤ አየሩ ሲገባ ጥርሴን ቀዝቅዞኛል። ቃል ግን አልወጣም።

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ገብረ ኪዳን።

"እርስዎ ከእኔ ጋር በመኪና አይደለም የመጡት?"

"ሰሙን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ቤንዚኑንም ያቀላቀልኩት እኔ ነኝ። ልጁ ያዘዝኩትን ነው ያደረገው።"

"ለምን?"

ዝም አሉ። ዳኛው ሁለተኛ ሲጠይቁ፣ እሳቸው ከሰልባትዮው ጎን የወረደውን ሰም በጨርቃቸው ጠረጉ። እኔን አላዩኝም። በዚያ ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ ስለዚህ ነገር ዓይናቸውን ወደ እኔ አላነሡም።

ቃለ ጉባኤ መያዝ ነበረበት። የሞጣው ጸሐፊ እጁ ጥሩ ስላልሆነ ዳኛው ለእኔ ወረቀቱን ሰጡኝ። የላንድሮቨሩ ኮፈን ላይ አስደግፌ ጻፍኩ፦ የቢቸና ቡድን መካኒክ ማሸጊያውን አስመስለው በማዘጋጀትና ሕገ ወጥ ቤንዚን በማቅረብ የሠሩትን ጥፋት በራሳቸው አንደበት አምነዋል። ጽሕፈቴ ያምር ነበር። አንድም ስርዝ ድልዝ የለበትም። ጋሽ ገብረ ኪዳን አንብበው ፈረሙ።

እንድሪስ እስከ መኪናው ሸኛቸው። "ጋሽ ገብረ ኪዳን፣ ይህን እርስዎ አላደረጉም" አላቸው ዝቅ ብሎ።

"አድርጌያለሁ እንድሪስ። ፈርሜ የለም?"

"የፈረሙትንማ አየሁ።" ኮቱን ክንዱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቆሞ ቀረ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቢቸና ገብቷል። ከሽንፈቱ ይልቅ ንቡ ነበር የተወራው። ጋሽ ገብረ ኪዳን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፉ መንገድ ዳር የተቀመጠው ወጣት በጥርሱ መሀል "ዝዝዝ" ይላል፤ ሲዞሩ ሁሉም ዝም ይላል። ጠላ ቤቱ በር ላይ "ዝዝዝ"። አዋቂዎች እንኳ ፈገግታቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። እሳቸው እርምጃቸውን አላፈጠኑም፣ አላዘገዩም። እኔ ግን ያ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ቤት ሠራ፤ ጉብታው ላይ ብቻዬን ተቀምጬ እንኳ እሰማው ነበር።

ውበቴን ፈልጌ አገኘሁት። እንናገር አልኩት።

"ለማን ነው የምትናገረው? አልቋል እኮ። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ምን ይሆናሉ? አንተ ገና ሥራ የምትፈልግ ሰው ነህ።" ትከሻዬን መታ አደረገኝ። "ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ናቸው እኔ ነኝ ያሉት። ማን አስገደዳቸው?"

ኅዳር ገባ። እናቴ ለኅዳር ጽዮን ጧፍ ልትፈትል እንስራዋን ከፍታ፣ ቆማ ወደ ውስጥ አየች።

"ፋንታዬ፣ ሰፈፉ ጎድሎብኛል። አይጥ ይበላዋል እንዴ?"

"ይሆናል" አልኳት።

ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫነችበት።

ሞተሯን የሚወስደው የጭነት መኪና ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ይመጣል ተባለ። እህሉ ደግሞ ሰኞ ይገባል። ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩ፤ ዛሬ እናገራለሁ አልኩ። መጀመሪያ ለእሳቸው፣ ከዚያ ለኮሚቴው። መንገድ ላይ የምለውን ቃል በቃል አዘጋጀሁ፤ ጋሼ፣ እጄ ነው፣ ልክ እንደሰሙት።

ስደርስ ወለሉን ጠርገው ጨርሰዋል። አልጋው ተነሥቷል፤ ፍራሹ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። ጎማዎቹ በመጠን በመጠን ተደርድረዋል። ሥዕሏ ከነበረችበት ግድግዳ ላይ አራት ማዕዘን ነጭ ቦታ ቀርቷል። ሞተሯ መሀል ላይ ቆማለች፣ ታጥባ፣ ተወልውላ።

"መጣህ?" አሉኝ። "እስኪ አንድ ሊትር አቀላቅልላት። ባዶዋን አትሂድ።"

ሲኒዋን ሰጡኝ። ዘይቱን ቀዳሁ። ሰማያዊው መስመር ላይ ሲደርስ አቆምኩ። አንዲት ጠብታ አላለፈም። እሳቸው ከላዬ ቆመው አዩ። ቤንዚኑ ላይ ጨምሬ በጠበጥኩት፣ ሰልባትዮው ውስጥ አፈሰስኩ። ክዳኑ ጎን ላይ፣ ጨርቅ ያልደረሰበት ስንጥቅ ውስጥ፣ ቀይ የሰም ፍርፋሪ ተጣብቆ ቀርቷል።

አስነሷት። በአንድ እግር ምት ተነሣች። ጋራዡ ሞላ፤ ድምፁ ጥርት ያለ፣ ደረቅ፣ እኩል የሚመታ ነበር። ጭስ የላትም። እሳቸው ጭንቅላታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገው አዳመጡ። እንደዚያ ባለ ድምፅ ከሁሉ ቀድማ ብትመጣ ኖሮ የሚመጣው ፊት ይህ ነበር፤ ሞጣ ሜዳ ላይ ለአፍታ አይቼው የጠፋው ፊት።

"ጋሼ" አልኩ። "የዚያን ቀን እኔ..."

ጋዙን ሰጧት። ሞተሯ አገሣች፤ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፤ ቃሌ ለራሴም አልተሰማኝም። ጠበቅኩ። ሲያበርዷት እንደገና ጀመርኩ።

"ጋሼ፣ ሰሙን..."

እንደገና ሰጧት። ዓይናቸው መሪው ላይ ነበር። በሦስተኛው ተውኩት። እሳቸውም ቀስ እያሉ አወረዷትና አጠፏት። 

እጃቸውን በጨርቁ ጠረጉ፤ ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር። ጨርቁን አጥፈው የሞተሯ ወንበር ላይ አስቀመጡ። ሲኒዋን አጥበው አፏን ደፍተው ከጨርቁ አጠገብ አኖሩ። የጋራዡን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት። የቁልፎቹን ሳጥን አላነሡም። ፍራሹንም አላነሡም። ካፖርታቸውን ለበሱ፣ ዳዊታቸውን በብብታቸው ያዙ፣ ሥዕሏን በነጠላ ጠቅልለው በሌላ እጃቸው።

"የት ነው ጋሼ?" አልኳቸው።

በሩ ላይ ቆመው ገበያ የሚገባውን ሰው አሳለፉ። አህያ የሚነዱ ሰዎች፣ ዶሮ ያንጠለጠሉ ሴቶች ወደ ከተማው ይመጣሉ። እሳቸው በተቃራኒው ከከተማው ወጡ፣ በአውቶቡሱ መንገድ ሳይሆን በእግር መንገዱ። አንዱ "ዝዝዝ" አለ። መልሰው አልዞሩም። ሞተሯ ከኋላዬ እየቀዘቀዘች ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች፤ እኔ ካፖርታቸው በሰዉ መሀል እስኪጠፋ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።